ስም የማይጠየቅበት መስኮት

ስልኩ ሲጠራ ጽጌሬዳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ የአንዲት ስሟን የማታውቃት ሴት አንገት አቅፋ እያለቀሰች ነበር። ልጇ ኢብሲቱ በሰው እግር መካከል እየተሽሎከሎከች መጥታ ስልኩን ሰጠቻት።

«የዳዲ ስልክ ነው። ሲቲ ሆል ነን ይላሉ» አለቻት በሹክሹክታ። «አይ ዲድንት ኖው ዋት ቱ ሴይ።»

ባሏ ሙሊሳ ካረፈ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ልቡን አሞት ሆስፒታል ገባ፤ ሳይሰነብት አረፈ። ቀብሩ ቅዳሜ ነው፣ ዛሬ ሐሙስ። ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ፓርክ ያለው ቤታቸው ከሳሎን እስከ ጋራዥ በዕድሩ ታጣፊ ወንበሮች ተሞልቷል። በር ላይ የተከመረው የበረዶ ጫማ የማን የማን እንደሆነ ለመለየት ራሱን የቻለ ሽማግሌ ያስቀምጥ ነበር።

በስልኩ የምትናገረው የማዘጋጃ ቤቱ ሴት ድምፅዋ የተረጋጋ ነው። ከዚህ ቁጥር ስለ አንድ ፖሊስ የተጠየቀው መረጃ ተዘጋጅቷል፤ ነገ እስከ ሥራ መውጫ ድረስ መጥቶ ማየት ይቻላል፤ የሚመጣ ከሌለ ፋይሉ ይመለሳል፣ ወረፋውም እንደገና ከኋላ ይጀመራል።

ጽጌሬዳ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «አይ ዊል ካም ቱሞሮው» አለች።

ምግብ ጠረጴዛው ላይ ሲጽፉ የነበሩት ጋሽ ሰረቀብርሃን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። የዕድሩ ሊቀ መንበር ናቸው። አሥር ጊዜ ለካ አንዴ ቁረጥ የሚለውን ምክር የሚያከብሩ ሰው ናቸው፤ አንዳንዴ ሲለኩ መቁረጡን እስከመርሳት ይደርሳሉ።

«ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«ሙሊሳ ፖሊሱ ላይ የጠየቀው ፋይል ወጥቷል። ነገ ሄጄ አየዋለሁ።»

«አስከሬን ሳይቀበር? ሐዘንተኛ ከፍራሽ ተነሥታ ሲቲ ሆል ስትሄድ አይቼም ሰምቼም አላውቅ።»

«እንግዲህ ነገ ያያሉ፣ ጋሽ ሰረቀ።»

ከጧት ጀምሮ ሲጽፉ የነበረው ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ነው። ነቀምቴ አጠገብ ተወለደ፤ ናይሮቢ በስደት ኖረ፤ ሚኒሶታ መጥቶ በሾፌርነት ሠራ፤ ሰው አክባሪ ነበር። ጽጌሬዳ አንድ ነገር እንዲጨምሩ ጠይቃቸው ነበር፤ በቫኑ ያመላልሳት የነበረችውን አሮጊት በብርድ ያስመታት ሙሊሳ እንዳልሆነ። እሳቸውም «ያልተረጋገጠ ነገር ቤተ ክርስቲያን አይነበብም፣ ልጄ» ብለው እስክሪብቷቸውን ከደኑ።

አሁንም ያንኑ ደገሙላት። «ሰው የረሳውን ነገር ለምን ትቀሰቅሺዋለሽ?»

ሰው ግን አልረሳም ነበር። ጽጌሬዳ ከማንም የተሻለ ይህን ታውቃለች።

ሙሊሳ ሕሙማንን ወደ ሕክምና የሚያመላልስ ቫን ይነዳ ነበር። ከዓመታት በፊት፣ በአንድ የጥር ጧት፣ ሚስ አይሪን የምትባል ኩላሊቷ የደከመ አሮጊት ከነተሽከርካሪ ወንበሯ ጭኖ ወደ ዳያሊስስ፣ ወደ ኩላሊት እጥበቷ፣ ሲሄድ አንድ ፖሊስ አስቆመው። የከተማዋ ስም ይቅር፣ ለዚህ ታሪክ አይጠቅምም። ፖሊሱ የተሰረቀ ነጭ ቫን ይፈልግ ነበር፤ በዚህ አገር ደግሞ ነጭ ቫን እንደ ርግብ ነው፣ የሌለበት የለም። ሙሊሳን ከመሪው ጎትቶ አወረደው፣ በረዶው ላይ በአፍጢሙ አስተኛው፣ የጎኑን በር ከፍቶ ውስጡን ፈተሸና በሩን እንደተከፈተ ተወው። ስህተት መሆኑ ታውቆ «ሂድ» እስኪባል ድረስ የሚስ አይሪን ከንፈር ጠቁሮ ነበር። ሕክምናዋ አመለጣት፣ ብዙ ቀን ሆስፒታል ተኛች። ኩባንያው በሩን ማን እንደተወው ጠየቀ። ፖሊሱ ሾፌሩ ነው ብሎ ጽፎ ነበር፤ ሙሊሳም ከሥራ ተባረረ።

የቀረውን ወሬ ጨረሰው። ወሬው ሌላዋ የአበሻ ሰፈር ኢገን ሲደርስ ሙሊሳ አሮጊቷን ትቶ ሻይ ሊጠጣ ወርዶ ነበር፤ ዞሮ ብሩክሊን ፓርክ ሲመለስ አሮጊቷ ሞታ ነበር። ሚስ አይሪን ግን በሕይወት ነበረች፣ በየገናው ለሙሊሳ ኩኪስ ትልክለት ነበር። ኩኪሱን የሚበሉት እንኳ ወሬውን አልተዉም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሙሊሳ አንድ ልማድ አመጣ። የትኛውንም መኪና በር ዘግቶ አያምንም፤ እጀታውን ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ ያደርገዋል። ያዩት ሰዎች ይጠቃቀሱ ነበር። «ኅሊናው ነው» ይሉ ነበር።

እሱ ግን ቅሬታውን አመልክቶ ውጤቱን ይጠይቅ ጀመር። ከተማው ምርመራው ተደርጓል፣ ነገር ግን የፖሊሶች ማኅበር ይግባኝ ስላለ አላለቀም፣ እስኪያልቅ ለሕዝብ አይገለጥም አለው። በረዶ ሲወድቅ ይጠይቃል፤ በረዶ ሲቀልጥ ይጠይቃል። ክርስትናም ሰርግም ላይ ጠረጴዛ ከቦ ለተቀመጠው ሁሉ ያስረዳል። «የሚኒሶታ ሕግ ግሩም ነው። ፋይሉ ሲያልቅ ማንም ሄዶ ያየዋል። ስምህን አይጠይቁህም፣ ለምን ፈለግኸው አይሉህም፤ መመልከት ደግሞ ነፃ ነው።»

ወንዶቹ ይስቁበት ነበር። ስም የማይጠይቅ ቢሮ፣ በሬ ወለደ ነው። ጋሽ ሰረቀብርሃን አንድ ቀን ትከሻውን መታ አድርገው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉት።

ሙሊሳ አልተቆጣም። «እኔ ሞኙ፣ እነሱ ወረቀቱ» አለ። «ማን ቀድሞ እንደሚለቅ እናያለን፣ ጋሽ ሰረቀ።»

ሐሙስ ማታ ጽጌሬዳ ውኃ ልትቀዳ ወደ ወጥ ቤት ስትገባ ሁለት ሴቶች ምግቡን በፎይል እየሸፈኑ ያወሩ ነበር። «ባሏን ሳትቀብር ክስ» አለች አንደኛዋ። ሌላዋ ጽጌሬዳን አይታ በክርኗ ነካቻት፤ ዘግይታለች።

«ክስ አይደለም እህቴ፣ ማየት ነው» አለች ጽጌሬዳ። «ብርጭቆውን አቀብዪኝ።»

ሴትዮዋ አቀበለቻት። የሙሊሳ የሥራ ጓደኛ የነበረው ቀጀላ ከበሩ አጠገብ ሆኖ ሰምቶ ነበር። «ነገ ኦፍ ነኝ። እኔ ድራይቭ አደርግሻለሁ» አላት። «ያችኑ ሙሊሳ ይነዳት የነበረችውን ቫን ነው የምነዳው፤ ለሁላችን ትበቃለች።»

«ለሁላችን ማለት?»

ቀጀላ በአገጩ ወደ ጋሽ ሰረቀብርሃን ጠቆመ። ስልክ ላይ ሆነው የዕድሩን ጸሐፊ ማኅተሙን ይዞ እንዲመጣ እያዘዙ ነበር።

ዓርብ ጧት ጋሽ ሰረቀብርሃን ከረባት አስረው፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ቦርሳ ይዘው መጡ። ቦርሳው ውስጥ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የሆስፒታሉ ማስረጃ እና ጽጌሬዳ የሟቹ ሕጋዊ ሚስት መሆኗን ዕድሩ የሚያረጋግጥበት ባለማኅተም ደብዳቤ አለ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ካስፈለገ ምስክር ሊሆኑ ነው።

«ሙሊሳ ምንም አያስፈልግም ብሏል» አለች ጽጌሬዳ።

«እሱማ ብዙ ነገር ብሏል» አሉ ጋሽ ሰረቀብርሃን፣ ቦርሳውን ጭናቸው ላይ አመቻችተው። «ሐዘንተኛ ብቻዋን አትሄድም። ባዶ እጅ ደግሞ ቢሮ አይገባም።»

ሲቲ ሆሉ አንድ ፎቅ ያለው ሸክላ ቤት ነው። ከመስታወቱ መስኮት ጀርባ ሹራብ የደረበች ሴት ተቀምጣለች። ጋሽ ሰረቀብርሃን ቀድመው ቀረቡ፣ ባላቸው እንግሊዝኛ ሁሉ ጽጌሬዳን፣ ራሳቸውን፣ ዕድሩንና ሽማግሌዎቹን በተራ አስተዋወቁ፣ ደብዳቤውንም ማኅተሙ እንዲታይ አድርገው ዘረጉት።

ሴትዮዋ እስኪጨርሱ በትሕትና ጠበቀቻቸውና ደብዳቤውን በመስኮቱ ሥር መልሳ አሳለፈችላቸው። ስም እንደማያስፈልጋት፣ የሚፈልጉትን ፋይል ብቻ እንዲነግሯት ጠየቀች።

«ሺ ኢዝ ዘ ዋይፍ» አሉ ጋሽ ሰረቀብርሃን።

ብትሆንም ባትሆንም ለውጥ የለውም፣ አለች ሴትዮዋ። ማን እንደሆኑና ለምን እንደፈለጉት እንድትጠይቅ ሕጉ አይፈቅድላትም። ክፍያ ስንት እንደሆነም ሲጠይቋት ራሷን ነቀነቀች፤ ቅጂ ካልፈለጉ መመልከት ነፃ ነው።

ጋሽ ሰረቀብርሃን ማኅተሙን አዩት። ቀስ ብለው ወደ ቀጀላ ዞሩ። «እውነቱን ነበር እንዴ?»

«ይኸው ነው ሲል የኖረው» አለ ቀጀላ።

ጠረጴዛ ያለበት ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገቧቸው። ፋይሉ ቀጭን ነበር። ኢብሲቱ ጎትታ ወደ ራሷ አቀረበችውና ማንበብ ጀመረች፤ የሚገባቸውን በእንግሊዝኛ ተወችላቸው፣ ያልገባቸውን በአማርኛ ነገረቻቸው። ቅሬታው ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። የጎኑን በር የከፈተውም ክፍት የተወውም ፖሊሱ ነው። ሾፌሩ ነው ብሎ የጻፈው ሐሰት ነው። ፖሊሱ ያለ ደመወዝ ከሥራ ታግዷል፣ ይግባኙም ውድቅ ሆኗል።

«አልቋል፤ ኢትስ ፋይናል» አለች ኢብሲቱና ገጹን ገለበጠች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ምን አገኘሽ?» አለች እናቷ።

«ፖሊሱ ደረቱ ላይ ካለው ካሜራ የተገለበጠ ነው። ዳዲ የተናገረው።» ከልጅነቷ ጀምሮ አማርኛ ተናገሪ ስትባል የምትሸሽ ልጅ አሁን ቃል በቃል ወደ አማርኛ ትመልሰው ጀመር። «‹እባክህ በሩን ዝጋው። አሮጊት ናት፣ ይበርዳታል። እኔ አልንቀሳቀስም፤ በሩን ብቻ ዝጋው።› ፖሊሱ ዝም በል ይለዋል። ‹እሺ፣ እኔ እዚሁ እተኛለሁ፣ በሩን ዝጋው።› ከዚህ በታችም እሱኑ ነው፣ እማዬ። እስከ መጨረሻው እሱኑ ነው የሚለው። ስለ ራሱ ምንም አላለም።»

ጽጌሬዳ የዚያን ቀን ታሪክ በቃሏ ታውቀው ነበር። ይህን ግን አታውቅም። ሙሊሳ የነገራት «በሩን ከፍቶ ተወው» ብሎ ብቻ ነው፤ ፊቱን በረዶ ላይ ደፍቶ እንደለመነ አልነገራትም። ኮራችበት። ይህን ሁሉ ዓመት ብቻውን መሸከሙ ደግሞ አናደዳት። «የኔ ጌታ» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፤ ማንም ተይ አላላትም።

ጋሽ ሰረቀብርሃን ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ወዲህ በይው እስቲ» አሉ ኢብሲቱን። ራሳቸው አነበቡት፤ ጣታቸውን በየመስመሩ ሥር እየጎተቱ፣ ተመልሰው እያነበቡ። ከዚያ የሕይወት ታሪኩን ከኪሳቸው አወጡና ጀርባው ላይ ይገለብጡት ጀመር። አንደኛው ሽማግሌ ወረቀቱን ያዙላቸው።

«‹ሰው አክባሪ ነበር› ብዬ አልፌው ነበር» አሉ ቀና ሳይሉ። «እኔ ነኝ ሞኙ።»

«ነገ ያነቡታል?» አለች ጽጌሬዳ።

«ቄሱ ቢቃወሙኝም አነበዋለሁ። ላላመነ ሰው ደግሞ መንገዱን አሳየዋለሁ፤ ስም አይጠይቁም፣ ነፃ ነው እለዋለሁ።» ጽፈው ሲጨርሱ ወደ መስኮቱ ተመልሰው ሄዱና ሌላ ሰው ቢመጣም ያሳዩት እንደሆነ ሴትዮዋን ጠየቁ። ማንንም፣ አለቻቸው። አመስግነው፣ ባለማኅተሙን ደብዳቤ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ሲወጡ ነፋሱ ከመኪና ማቆሚያው ላይ በረዶ እያነሣ ይበትን ነበር። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ቫኑ ውስጥ ገቡ፤ ኢብሲቱ ጋሽ ሰረቀብርሃንን ደግፋ አስገባቻቸውና አጠገባቸው ተቀመጠች። ቀጀላ የጎኑን በር ሊዘጋ እጁን ሲዘረጋ ጽጌሬዳ ቀደመችው።

«ተወው፣ እኔ እዘጋዋለሁ።»

በሩን ገፋችው፣ ተዘጋ። ጓንቷን አወለቀችና እጀታውን ያዘች፤ ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። ሳበችው። አልተነቃነቀም። ደግማ ሳበችው።