ሦስት ጣት ጨው

ቱኑን ተቅማጥ የጀመረው ጎህ ሲቀድ ነው። መጀመሪያ የጥርስ ነው ብዬ ነበር፤ ሁለት ጥርስ እያወጣ ነበርና። ሦስተኛው ላይ ግን የሩዝ እጣቢ የመሰለ ውሃ ሆነ። ያኔ ክው አልኩ። ልጁ ገና ዓመት ከስድስት ወሩ ነው። አባቱ ልጄ ሞኽሌስና ሚስቱ ጡብ ለመተኮስ ለስድስት ወር ተቀጥረው ሩቅ አገር ሄደዋል፤ እሱንና ታላቅ እህቱን ታህሚናን ለእኔ አደራ ብለው። አደራው ከተጣለብኝ ወዲህ ትንፋሻቸውን ስቆጥር ነው የማድረው።

ወደ ሆስፒታል የሚያሻግር ጀልባ የለም። ባሕሩ ሲሸሽ ወንዛችንም ጠዋት አብሮት ይሸሻል፤ ከመንደሩ እስከ ውሃው ጉልበት የሚውጥ ጭቃ ይቀራል። ሞልቶ ጀልባ የሚያንሳፍፈው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ሱቅ ሮጥኩ፤ ባለሱቁ የተቅማጡ ዱቄት ካለቀ ሳምንት አለፈው አለኝ። ልቤ ይሸበር እንጂ እጄ ግን የሚሠራውን ያውቅ ነበር።

ሞኽሌስን አርግዤ ሳለሁ ሁለት ሴቶች ጃንጥላ ይዘው ከቤት ቤት እየዞሩ አስተማሩን። ግማሽ ሊትር ንጹሕ ውሃ። በሦስት ጣት ጫፍ የተቆነጠረ ጨው። አንድ እፍኝ ጉር፣ ጥቁሩ የሸንኮራ ስኳር ማለት ነው። አዋሕጂና ቅመሺ፤ ከእንባ በላይ ጨው ጨው ካለሽ ድፊው። የኩሬ ውሃ ሞት ነው፣ የፓምፕ ውሃ ሕይወት ነው አሉን። ከወር በኋላ ተመልሰው መጥተው “እስኪ አዘጋጂና እንይ” አሉኝ፤ ያዋሐድኩትን በትንሽ ጠርሙስ ወስደው አስመረመሩት። ከመንደሩ ሁሉ የእኔ አንደኛ ወጣ። አምስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጥኩ ሴት፣ በዕድሜዬ አንደኛ የወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አምስት ልጅ በዚያ ውሃ ከሞት መልሻለሁ። ለጎረቤቱም ሁሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ታህሚና ትምህርት ቤት ሄዳ ነበር። እኔም እንደተማርኩት አደረግሁ። ጥግ ላይ ለማጠቢያ በእንስራ የተቀመጠውን፣ ዝናብ የሞላውን የኩሬ ውሃ ጠብታ አልነካሁም፤ ልጁን ያሳመመው እሱ ነው ብዬ ጠርጥሬዋለሁ። ፓምፑ ጋ ሄጄ በድስት ቀዳሁ፣ ጨዉን ቆነጠርኩ፣ ጉሩን ዘገንኩ፣ ቀመስኩ። ደህና ነው። በማንኪያ ጀመርኩለት፤ ሲወድደው ጊዜ በኩባያ አደረግሁለት።

መውደዱ ነው ጉዱ። ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ ከአፉ አላላቅቅ አለ። “አልሐምዱሊላህ፣ ጠጣልኝ” አልኩ። ጨርሶ ኩባያውን ስወስድበት ግን ከበፊቱ ይልቅ ይጠማዋል፤ ምላሱን ያወጣል፣ ባዶውን ኩባያ ይልሳል። ሦስተኛው ኩባያ ላይ ለቅሶው ተለወጠ። ቀጭን፣ ጭራዋን የተረገጠች ድመት ዓይነት። ሴቶቹ የሆዱን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ልቀቁት፣ ቆሞ ከቀረ ልጁ ደርቋል ብለውን ነበር። ቆነጠጥኩት። አልቆመም። ግን ጣቴ ላይ ሊጥ ሊጥ አለኝ። ስለ ሊጥ ደግሞ የነገሩን ነገር የለም።

አምስት ሰዓት ገደማ የሞይና እናት መጣች፤ እሷንና እኔን የሚለየን አንድ የሙዝ ተክል ነው።

“የሞኽሌስ እናት፣ ድምፁ ከቤቴ ይሰማል እኮ! ምን እየሰጠሽው ነው?”

“ያንኑ ነዋ።”

“ታዲያ ጨምሪበት! በተቅማጥ የሚወጣው ጨው አይደል? አንድ ቁንጥር ድገሚበት።”

እውነቷን ነው ብዬ የጨዉን ጣሳ አነሣሁ። ጣቶቼ ጨዉ ውስጥ እንዳሉ ታህሚና ከትምህርት ቤት ተለቅቃ፣ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተነክራ ገባች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ወንድሟን አየችው፣ ድስቱን አየችው፣ ቦርሳዋን ጣለች።

“ዳዲ፣” አለችኝ፤ አያቴ ማለት ነው። “የምን ውሃ ነው ይሄ?”

“የፓምፕ ነዋ! የምን እንዲሆን ኖሯል?”

“ስንት ጠጣ?”

“ስድስት ኩባያ። ሰባተኛውን ላዘጋጅ ስል ነው የደረስሽው።”

“አቁሚ። በአላህ፣ ያን ጨው አስቀምጪው።”

“ምን ሆነሻል አንቺ?”

“ማክሰኞ የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ አይተን ነበር፣” አለች እየቸኮለች። “ከውስጥ በኩል ያለውን ስሱን። እንደ ጡብ የተደረደረ ነው፤ እያንዳንዱ ጡብ አንድ ሕዋስ ነው። ከውጭ ግድግዳ አለው፣ ከግድግዳው ሥር ስስ ሽፋን፣ ከዚያ ውስጡ ውሃ ነው። መጽሐፉ ላይ ሙሉ ሆኖ፣ ከግድግዳው ተጣብቆ ነው የተሳለው። የእኛ ግን ሁሉም ሽፋኑ ከግድግዳው ለቆ መሐል ላይ ኩርምት ብሏል። አስተማሪያችን ልጣጩን ቀየረ፤ ያው ነው። ሽንኩርቱን ቀየረ፤ ያው ነው። በኋላ ሲደርስበት ለካ የተጣራው ውሃ አልቆ ያንጠባጠብንበት የትምህርት ቤቱን ፓምፕ ውሃ ነው። ባዶውን ነው ዳዲ! ጨው እንኳን ሳንጨምርበት!”

የሞይና እናት ሳቀች። “ሽንኩርት! የልጁ ሆድ ውስጥ ሽንኩርት ተተክሏል እንዴ?”

“ቱኑም የተሠራው ከሕዋስ ነው፤ እርስዎም ኻላ፣ እንደዚያው ነዎት። ጨዉ ከውጭ ሲበዛ ከሕዋሱ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ጨዉ ይወጣል። ከጭንቅላቱም ይወጣል። እየጠጣ የሚጠማው ለምን ይመስልዎታል?”

“እኔን ነው ኻላ፣ አክስቴ፣ እያልሽ የምታስተምሪው? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም አሉ። ይህች አያትሽ በዚህ ውሃ መንደሩን ያዳነች ጊዜ አባትሽም አልተወለደ።”

እኔ የሞይናን እናት አልሰማኋትም። አንድ ነገር ብቻ ነው ጆሮዬ ውስጥ የቀረው።

“ታህሚና፣” አልኳት፣ “እኔ ይህን ልጅ ከጠዋት ጀምሮ እየገደልኩት ነው የምትዪኝ?”

ጎንበስ ብላ ድስቱን አነሣችና እደጅ ደፋችው።

መታኋት። ልጅ መትቼ አላውቅም፤ እጄ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። ጣቶቼ ጉንጯ ላይ ወጡ፣ የጨው ቅንጣትም አብሮ ተለጠፈ። ቱኑ በዚያ ቀጭን ድምፁ እየጮኸ ነው። ጣሳውንና ድስቱን አንሥቼ ወደ ፓምፑ መንገድ ጀመርኩ፤ እንደገና ላዘጋጅ ነበር።

በር ላይ ቆመችብኝ። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ከእንስራው የኩሬ ውሃ በኩባያ ቀድታ ያዘችልኝ።

“በዚህ አፍሽን ተጉመጥመጪ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ የፓምፑን ብቻውን ቅመሺ። ጨው ካላለሽ ደግመሽ ምቺኝ፤ እኔው ራሴ በእጄ አጠጣዋለሁ።”

ላሳፍራት ብዬ ተቀበልኩ። ወላሂ ለሌላ አይደለም። በኩሬው ውሃ ተጉመጠመጥኩ፤ ተፋሁ፤ ደገምኩ፤ ሦስት አደረስኩ። ፓምፑን ሁለቴ ገፋሁና በመዳፌ ተቀብዬ አፌ ውስጥ አደረግሁ።

ጨው ነው።

ትንሽ ጨው አይደለም። ዕድሜ ልኬን የጠጣሁት ውሃ ምላሴን ጫፍና ጫፉን ያዘኝ። አፌን ከፍቼ ቆምኩ። ከዓመታት በፊት ባሕሩን የሚከለክለው ግድብ በማዕበል ተሰብሮ ውሃው እርሻችን ላይ ከተኛ በኋላ፣ ሽሪምፕ የሚባሉትን ትንንሽ የባሕር እንስሳት የሚያረቡ ሰዎች መጡ፤ በጨው ውሃው መሬቱን አጥረው ያዙት፤ ጨዉም ዓመት በዓመት ወደ ታች ሰረገ። ውሃው የተለወጠው ቀስ እያለ ነው፤ ምላሴም አብሮት ቀስ እያለ። ሴቶቹ ባስተማሩን ጊዜ ከዚህ ፓምፕ የሚወጣው ውሃ ሻይ ይፈላበት ነበር። ቁንጥሬ ያው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቅንጣት አልጨመርኩም አልቀነስኩም። ውሃው ነው ሌላ የሆነው።

“ምን አለሽ?” አለች የሞይና እናት።

“እሳት አንድጂ” አልኳት።

የኩሬውን ውሃ አፈላን፤ በሰፊ ሣህን እያገላበጥን አቀዘቀዝነው። ታህሚና ጨው አትጨምሪ፣ በውስጡ ያለው ይበቃዋል አለች። ኩባያውን ሳነሣ እጄን ያዘችው።

“በማንኪያ። አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ ቆይተሽ ሌላ።”

“ደርቆ የለም እንዴ? ለምን አላርሰውም?”

“አላውቅም ዳዲ። እዚያ አልደረስንም። በአንዴ ማድረጉን ግን እፈራለሁ።”

አላውቅም ስትል የበለጠ አመንኳት፤ እኔ ከጠዋት ጀምሮ አንድም ጊዜ አላውቅም አላልኩም። ማንኪያ ሰጠሁት። ዓይኔ ወንዙ ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ፤ ጭቃው እንደተዘረጋ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ጩኸቱን አቆመ፤ እኔን የባሰ ያስፈራኝ ዝምታው ነው። ዓይኑ ተከፍቷል፤ የሚያየው ግን እኔን አይደለም። “ቱኑ፣ የእኔ አባት፣ አፈር ልብላልህ፣ እየኝ” እለዋለሁ። የሞይና እናት ቁርኣን እየቀራች ታራግብለታለች፤ አንደበቷ ክፉ ይሁን እንጂ ከአጠገቤ አልተነሣችም።

ውሃው ሲደርስ ጀልባው ውስጥ የገባነው እኛ ነን መጀመሪያ። መሐል ወንዝ ላይ የግራ እጁ ጣቶች ይርገፈገፉ ጀመር። ታህሚና እጁን በእጇ ሸፈነችው፤ እንዳላይ። አይቼዋለሁ።

ሆስፒታሉ ውስጥ አልጋ ስለሞላ ምንጣፍ ላይ አስተኙት። ነርሷ ለጋ ናት፤ እጇ ግን ፈጣን ነው። ደም ሥሩን በአንዴ አገኘችው፣ የውሃውን ከረጢት ሰቀለችው።

“ኻላ፣ ቤት ውስጥ ምን ሰጡት?”

እኔ አፌን ሳልከፍት የሞይና እናት ቀደመች። “እሷማ ምን ጠፍቷት! የጉርና የጨው ውሃ ነው የሰጠችው፣ በደንብ የተዋሐደ። በአገራችን አንደኛ የወጣች እኮ ናት!”

“ጎሽ፣” አለች ነርሷ፤ እጇን ወደ ማንጠባጠቢያው ሰደደች። ለዚህ ዓይነት ተቅማጥ ከፍተው ይለቁታል፤ ከጎናችን ያሉት ልጆች ሁሉ እንደዚያ ይንቆረቆርላቸዋል።

ታህሚናን አየኋት። እየተመለከተችኝ ነው፤ ጉንጯ ላይ ጣቶቼ እንዳሉ ናቸው። እሷ ልትናገር ትችል ነበር። አልተናገረችም።

በዚያ ክፍል ውስጥ የእኛ መንደር ሴቶች ሦስት ነበሩ። ሦስቱንም ያስተማርኩ እኔ ነኝ፤ ሰርጋቸው ሳምንት ሳይሞላው ድስት ይዤ ቤታቸው ሄጄ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረዋል። ልጁ ይድናል፣ ዝም በዪ፣ ማን ያውቃል አለኝ አንዱ ልቤ። የነርሷ ጣት የማንጠባጠቢያውን ጎማ ነካ።

“ቆይ!” አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ራሴን አስደነገጠኝ። “በደንብ አላዋሐድኩትም። በፓምፕ ውሃ ነው ያደረግሁት። የእኛ ፓምፕ ጨው ነው። በላዩ ጨው ጨምሬበታለሁ። ስድስት ኩባያ። ከጎህ እስከ አምስት ሰዓት። ከዚያ በኋላ የፈላ የኩሬ ውሃ በማንኪያ፣ ያለ ጨው።”

ነርሷ እጇን መለሰች። ጎማውን አጠበበችው። “ዶክተር!” ብላ ተጣራች። መጣ፤ የልጁን ሆድ ነካ፤ እሱም እንደ እኔ በጣቶቹ መሐል ያንን ሊጥ አሸው። ደም ወሰዱ። የመጀመሪያውን ከረጢት አውርደው ሌላ ሰቀሉ፤ ጠብ፣ ከዚያ ረጅም ጊዜ፣ ከዚያ ጠብ።

“ሁለት ቀን ይፈጃል፣” አለኝ ዶክተሩ። “የጨመረውን ጨው በአንዴ ብናወርደው ውሃው ወደ ጭንቅላቱ ሕዋሳት ይሮጥና ያብጣል። ባይነግሩን ኖሮ እንለቅበት ነበር።”

ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። የጀልባ ቀዛፊው ሚስት ኩልሱም ናት፤ ከእኛው ጋር በጀልባው መጥታ የሦስት ወር ሴት ልጇን ታቅፋለች።

“ዳዲ፣” አለችኝ፣ መንደሩ ሁሉ ዳዲ ነው የሚለኝ፣ “እኔም እኮ እንዳስተማርሽኝ ነው ያዘጋጀሁላት። ከዚያው ከፓምፑ።”

ነርሷ ሮጣ ሄዳ ያንኛውንም ጎማ አጠበበች። እኔ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ታህሚና መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ትከሻዋን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ኩልሱም ደጋግማ “ስንት ኩባያ ነበር? አልቆጠርኩም፣ አልቆጠርኩም” ትላለች። ተነሥቼ ወደ እሷ ሄድኩ፤ ከጠዋት ጀምሮ በየሰዓቱ አንድ በአንድ እየጠየቅሁ አብረን ቆጠርን። አራት ኩባያ ሆነ። ለነርሷ ነገርኳት።

ሁለቱ ሌሊት እንዴት እንዳለፈ አልጽፈውም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነርሷ ሙቀቱን ልትመዘግብ ጎንበስ ስትል ቱኑ ብዕሯን ያዘ። ሳበች፤ አልለቅም አለ። እንደገና ሳበች፤ ተቆጣ፣ በዚያ በድሮው ወፍራም ለቅሶው ክፍሉን አናጋው። የኩልሱም ልጅ ከወዲያ ደንግጣ አብራው ጮኸች።

“ኻላ፣ ያስለቅቁልኝ እንጂ፣ ሥራ አለብኝ” አለች ነርሷ እየሳቀች።

እጄን አላነሣሁም። ይያዘው።