ካልጋሪ ዋንጫውን የበላች ሰሞን

"አገኙት! ዘውዲ፣ አገኙት እኮ!"

ዘውድነሽ የአንሶላውን ጠርዝ ከፍራሹ ሥር እየሸጎጠች ነበር። ቀና ስትል ሚስተር ዶውሊንግ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው ጋዜጣውን እንደ ባንዲራ ያውለበልባሉ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሌላ ቀን ጠዋት እንቁላላቸውን ለመቅመስ እንኳን የሚለመኑት ሰው ዛሬ ጉንጫቸው ቀልቷል።

"ምኑን ነው ያገኙት?"

"ዋንጫውን ነዋ! ካልጋሪ ትናንት ማታ ዋንጫውን በላች! ያውም በሰው ሜዳ፣ በሰው በረዶ ላይ!"

ትራሱ ከእጇ ወደቀ። ዘውድነሽ በዚህ የአረጋውያን መኖሪያ በሠራችባቸው ሦስት ዓመታት ያነጠፈችው አልጋ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ያን ቀን ግን ተቀመጠች።

እርሳቸው ልብ አላሏትም። ስለዚህ የበረዶ ላይ ጨዋታ፣ ስለ ሆኪ ሲያወሩ ማንንም ልብ አይሉም።

"ይሄ ቡድን እኮ የኛ የአትላንታ ነበር" አሉ። "ስምንት ዓመት እዚህ ሲጫወት አንድም ቀን አልቀረሁበትም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ተሸጦ ካናዳ ገባ። ሰዉ ሁሉ ተቀየመ። እኔ አልተቀየምኩም። ልጅ አግብቶ ሲሄድ ልጅነቱ ይቀራል እንዴ?"

"አይቀርም" አለች ዘውድነሽ፤ ልቧ ግን እሳቸው ዘንድ አልነበረም። "አሁን ምን ያደርጋሉ?"

"ሰልፍ ነዋ! ከተማው ግልብጥ ብሎ ይወጣል። የኤድመንተን ሰዎች ደግሞ በራቸውን ዘግተው ያለቅሳሉ!"

"ኤድመንተንና ካልጋሪ . . . ጠበኞች ናቸው?" እንግሊዝኛዋን መርጣ ጠየቀች።

"ጠበኞች? ቢፈቀድላቸው በጥሬው ይበላላሉ ነበር!" ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ውኃ ሰጠቻቸው።

ዘውድነሽ ሁለት ልጆች አሏት። ታላቁ ወንዳፍራሽ ኤድመንተን፣ ታናሹ ተክሌ ካልጋሪ። አባታቸው ገዳሪፍ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ሞቶ ሦስቱ ብቻቸውን ሲቀሩ የሦስቱም ወረቀት የወጣው በየፊናው ነበር፤ ለአንዱ የኤድመንተን ቤተ ክርስቲያን፣ ለሌላው የካልጋሪ ቤተሰብ፣ ለእሷ ደግሞ አትላንታ ያለ ስፖንሰር። ሁለቱን ከተሞች የሦስት ሰዓት መንገድ ብቻ እንደሚለያቸው ስትሰማ ተመስገን ብላ ነበር። እሷ ሩቅ ብትሆንም እነሱ ተጠጋግተው ወደቁ። ያን ጊዜ ስለ ሆኪ የነገራት ሰው የለም።

ወንዳፍራሽ ካናዳ በገባ በሁለተኛው ዓመት የኤድመንተን ቡድን ዋንጫ በላ፤ በሦስተኛውም ደገመ። ሁለቱንም ጊዜ የሰልፉን ፎቶ ልኮላታል፤ ጎዳናው በሰው ጎርፍ ተሞልቶ፣ ሰው የመብራት እንጨት ላይ ሳይቀር ተንጠላጥሎ፣ ተጫዋቾቹ ክፍት መኪና ላይ ዋንጫውን አንስተው። ዘውድነሽ የምታውቀው ሰልፍ ጎንደር ሳለች የቀበሌው ሊቀ መንበር ስም እየጠራ የሚያስወጣውን ነው፤ የቀረ የስኳር ራሽኑን ያጣል። ስለዚህ በስልክ ጠይቃው ነበር።

"ስም የሚጠራው ማነው?"

"ማንም የለም እማ። ሰው ወዶ ነው የሚወጣው።"

"ይሄ ሁሉ ሰው? ወዶ?"

"ሥራውን ጥሎ!"

ፎቶውን እንደገና ስታየው ያለ ትእዛዝ የሳቀ ሕዝብ ነው። እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው እያለች ለብዙ ቀን ስታደንቅ ሰነበተች።

ባለፈው ሳምንት ከወንዳፍራሽ የመጣው ደብዳቤ ግን ፎቶ አልነበረበትም።

ለወትሮው ደብዳቤ ሲመጣ የምታነብላት ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው አፀደ ናት። አፀደ አስተማሪ ነበረች፤ ስታነብ የጻፈውን ሰው ድምፅ ታወጣለች፣ ትስቃለች፣ ታስቃለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ስኮትዴል ባለው አፓርታማቸው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ለዘውድነሽና ለሁለት ሌሎች ሴቶች ፊደል ታስተምራለች። ትምህርቱ የሚጀመረው ልብሱ ማሽን ውስጥ ሲገባ ነው፤ የሚያበቃው ማድረቂያው ሲቆም። ዘውድነሽ በዚህ ዓይነት በአንድ ክረምትና በአንድ በጋ ሀሁን ጨርሳ ቃል መግጠም ጀምራለች። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ወደ ላይ ይዛው አልወጣችም። የልጄን ደብዳቤ በገዛ ዓይኔ አነበዋለሁ አለች። ጣቷን ከፊደል ፊደል እየጎተተች፣ ከሥራ መልስ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ በአራተኛው ቀን ጨረሰችው።

እንዲህ ይል ነበር፦

"ያ ልጅሽ ዘንድሮ ራሱን አንግሧል። የኔ ቡድን ገና ከጅምሩ ስለተሰናበተ በየቀኑ እየደወለ ይሰድበኛል። እኔም ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም ብዬዋለሁ። ካልጋሪ ዋንጫውን ከበላች ያን ከተማ በእግሬ አልረግጠውም። ለሰርጉም በአባታችን ቦታ የሚቀመጥ ሌላ ሰው ይፈልግ፤ ካጣም ቀይ ማሊያውን ወንበሩ ላይ ያንጥፍበት።"

*ወን፣ ድም፣ የ፣ ለ፣ ኝ፣ ም።* እያንዳንዷን ፊደል እንደ ድንጋይ ነው ያነሳቻት። የተክሌ ሰርግ የሐዋርያት ጾም እንደተፈታ ነው። ሙሽራዋ የደህና ቤተሰብ ልጅ ናት፤ ዘመዶቿ ከቶሮንቶ ሳይቀር ይመጣሉ። በአባት ቦታ የሚቀመጠው ታላቅ ወንድም ቀርቶ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ቢያዩት ምን ይላሉ? እነዚህ ልጆች ከአባታቸው መቃብር አጠገብ ወንድሜን አደራ ተባብለው የተለያዩ አይደሉም? ካልጋሪ እንዳትበላ ለሊቀ መልአኩ ተስላ ነበር። በላች።

የዚያን ቀን ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ለአቶ ጥላዬ ደወለች።

አቶ ጥላዬ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ናቸው፤ ዋና ሥራቸው ግን እርቅ ነው። ታክሲ በሽርክና ገዝተው የተካሰሱትን አስታርቀዋል። ፍርድ ቤት የደረሱ ባልና ሚስት አስታርቀዋል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከዶራቪል መኪናቸውን ነድተው መጡ፤ ለእርቅ ብቻ የሚለብሷትን ግራጫ ሱፍ ለብሰው፣ ከረባታቸውን አጥብቀው።

"ደብዳቤው የታለ?" አሉ እንደተቀመጡ።

"በቃሌ ይዤዋለሁ ጋሽ ጥላዬ።"

ቆማ አሰማቻቸው። እጇን አጣምራ፣ መሬት መሬት እያየች፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

አቶ ጥላዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ወንድም የለኝም ብሎ . . . በአፉ ቢለው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሲናደድ ይላል። በጽሑፍ ከባድ ነው።"

"ከባድ ነው አይደል?"

"በጣም። ለመሆኑ ምንድነው ያጣላቸው? ርስት የላቸው፣ ከብት የላቸው።"

"በረዶ ላይ በዱላ የሚገፉት ነገር አለ።"

"ኳስ ነው?"

"ኳስ አይደለም፤ ድቡልቡልም አይደለም። የቆርኪ ዓይነት ነው፣ ትልቅ ቆርኪ።"

"በቆርኪ!" አሉ አቶ ጥላዬ፤ ወደ ስልኩ ጠቆሙና "ደውይ" አሏት።

ኤድመንተን ደወለች። ጠራ። አሥራ አራት ጊዜ ጠራ፤ የሚያነሳ የለም።

"እኔ መሆኔን አውቆ ነው" አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ተረጋጊ፣ ዘውድነሽ። መጀመሪያ የተበደለውን መስማት ነው። ታናሹ ጋ ደውይ።"

ካልጋሪ ደወለች። ገና በሁለተኛው ተነሳ።

"ሄሎ?" አለ አንድ የሻከረ፣ የተዘጋ ድምፅ።

"ተክሌ፣ ምነው? አሞሃል?"

"ተክሌ አይደለሁም እማ፤ እኔ ነኝ፣ ወንዳፍራሽ። ደህና ነሽ?"

ዘውድነሽ የስልኩን እጀታ በሁለት እጇ ያዘችው። "የት ነህ?"

"ተክሌ ቤት ነኝ። እሱ ጋ አይደል የደወልሽው?"

"ምን ልትሆን ሄድክ? ተደባደባችሁ?"

"የምን መደባደብ? ሰልፉን ለማየት ነው የመጣሁት። ትናንት ነበር እኮ! እማ፣ ይሄን ሕዝብ ባየሽው! ድምፄ የተዘጋው በጩኸት ነው። ሰማያዊ የኤድመንተን ማሊያዬን ለብሼ መሐላቸው ገባሁ።"

"በጠላት ልብስ? ምን አሉህ?"

"ምን ያላሉኝ አለ! ሕፃን ሽማግሌው ተንጫጫብኝ። አንዲት ሴትዮ 'የኤድመንተን ሰው ነው፤ አሳልፉት፣ ከፊት ቆሞ ደህና አድርጎ ይይ!' ብላ ገፍታ ገፍታ መጀመሪያው መስመር ላይ አቆመችኝ። ባሏ ሆት ዶግ ገዛልኝ። ዋንጫውን ሲያሳልፉት ከመኪናው ላይ አንዱ ተጫዋች ማሊያዬን አየና ጣቱን ቀስሮ ሳቀብኝ፤ እኔም አጨበጨብኩለት። ምን ላድርግ፣ ያምራላ! አምና ተክሌ ቀይ ለብሶ የኛን ሰልፍ መሐል ቆሞ አይቷል። ዘንድሮ የኔ ተራ ነው።"

ዘውድነሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አቶ ጥላዬ መልካም ምልክት ስላልመሰላቸው እጀታውን ከእጇ ተቀበሏት።

"ወንዳፍራሽ፣ ጥላዬ ነኝ። የመጣሁት ለሽምግልና ነው።"

"ሽምግልና? ጋሼ፣ ለኔም ሚስት ተገኘችልኝ?"

"አትቀልድ፣ ልጄ። እርቅ ቀልድ አይደለም። አንተና ወንድምህ—"

"ቆይ፣ የምን እርቅ?"

አቶ ጥላዬ ጉሮሯቸውን ጠርገው የክሱን ዝርዝር ነገሩት፤ ወንድም የለኝም ማለቱን፣ ከተማውን አልረግጥም ማለቱን፣ የአባቱን ወንበር ለማሊያ መስጠቱን። ከወዲያ ማዶ የሁለት ሰዎች ሳቅ ተንደቀደቀ፤ ዘውድነሽ ከተቀመጠችበት ሰማችው። አቶ ጥላዬ እጀታውን ከጆሯቸው አራቁና ግራ ተጋብተው አዩት።

"እማን ይስጡኝ ጋሼ" አለ ወንዳፍራሽ ሳቁ ሲበርድለት።

ተቀበለች።

"እማ፣ እትዬ አፀደ እንዲህ አድርገው ነው ያነበቡልሽ?"

"አፀደ አላነበበችውም።"

"ታዲያ ማን አነበበልሽ?"

"ራሴ።"

"ራስሽ?"

"አራት ቀን ፈጀብኝ።"

መስመሩ ሽሽሽ ይላል። የወንዳፍራሽ የሻከረ ድምፅ ለሰለሰ።

"ሁሉንም? ከላይ እስከ ታች?"

"ከላይ እስከ ታች። ፊደሉን ሁሉ ለይቼዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው ያቃተኝ።"

"ምን?"

"ሳቁን የት ላይ ነው የጻፍከው? ፈልጌ አጣሁት።"

"የኔ ጥፋት ነው እማ" አለ ልጇ። "እትዬ አፀደ እንዴት አድርገው እንደሚያነቡት ስለማውቅ ነው እንደዚያ የምጽፈው። ከእንግዲህ ቁም ነገር ብቻ እጽፍልሻለሁ። ደህና ነኝ፣ ሥራ አለኝ፣ በልቻለሁ። በቃ።"

እሺ ልትል ነበር። ከዚያ የተሻለ ምን አለ? የማያስደነግጥ ደብዳቤ፣ እንቅልፍ የሚሰጥ። ግን ልጇ የተሸናፊ ማሊያ ለብሶ፣ ሦስት ሰዓት ነድቶ፣ ባላንጣው ከተማ መሐል ቆሞ ሲያጨበጭብ ታያት። ይሄን የመሰለ ሰው ለእናቱ "በልቻለሁ፣ በቃ" ብሎ ሲጽፍ ምኑን ልታነብ ነው?

"ተው፣ እንደዚያ አትጻፍልኝ" አለች። "እንደ አፍህ ጻፍ። ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።"

በዚህ መሐል ተክሌ ከጀርባ ሲጮህ ተሰማ። "እማ! ዛሬስ ቁርጡን ተናገሪ! ለማን ነሽ?"

ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ይጠይቋታል። መልሷ አንድ ነው፤ ለሁለታችሁም። ሹራብ ስትልክላቸው አንድ ዓይነት ቀለም ነው፤ ስልክ ስታወራቸው ሰዓት እያየች ነው፤ አንዱን አምስት ደቂቃ ካወራች ሌላውንም አምስት። አንዱ ቅር እንዳይለው፣ እንዳይከፋፈሉባት፣ እንዳይበተኑባት ስትፈራ ነው የኖረችው።

"ለካልጋሪ" አለች።

"ምን?" አለ ወንዳፍራሽ።

"ዘንድሮ ለካልጋሪ ነኝ። የበላ ይወደሳል።"

ተክሌ ቤቱን በእልልታ አናጋው። ወንዳፍራሽ ባልቀረለት ድምፁ አምባረቀ። "ሰማችሁ? ሰማችሁልኝ? በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ እናትም የለኝም! ሰርጉም ላይ አልገኝም፤ ሌላ ሰው ፈልጉ!"

ጩኸቱ ከእጀታው አልፎ ቤቱን ሞላው። አቶ ጥላዬ ደንግጠው ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ እጃቸው ወደ ከረባታቸው ሄደ። ዘውድነሽ ክንዳቸውን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻቸውና እጀታውን ወደ አፏ አስጠጋች።

"ጥሩ" አለችው። "ጋሽ ጥላዬ ሱፋቸውን ለብሰው እዚሁ ተቀምጠዋል። እሳቸውን እልካለሁ።"