የደበዘዘው ቀይ

በ1960 ዓ.ም. ከውጭ አገር ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ይዤ የገባሁት ሀብት አንድ ቀይ ክሪስታል ብቻ ነበር። ከሚያበራ ቀለም በስንት ትዕግሥት ያሳደግኩት ነው። ኃይለኛ ብርሃን በአንድ ቀለም ሲገባበት በሌላ ቀለም ይወጣል። ይህን የሚያሳይ መብራት እንኳን ደብረ ብርሃን አዲስ አበባም አላገኘሁም። ስለዚህ በጥጥ ጠቅልዬ አንኮበር አባቴ ቤት አስቀመጥኩት።

አባቴ መምሬ ገብረአማኑኤል ብራና ላይ የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። የእመቤታችን ስም በቀይ ካልተጻፈ ለሳቸው መጽሐፉ መጽሐፍ አይደለም። ቀይ ቀለማቸው ቢያልቅባቸው የኔን ክሪስታል ወቅጠው፣ በጥብጠው ጻፉበት።

«ምን ነካዎት አባባ? አሁን እኮ ተራ ቀለም ሆነ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ድሮስ ቀለም አይደል?» አሉኝ። ብራናው ላይ የእመቤታችን ስም እንደ ፍም ያበራ ነበር።

«ፀሐይ ሲመታው ይለቃል። ያዩታል፣ አንድም ስም አይቀርልዎትም!»

«ስስታም!» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

በክረምቱ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ አፈሰሰና እዚያ የተቀመጠው የአባቴ መጽሐፍ ረጠበ። በመስከረም አባቴ ቅጠሉን እያገላበጡ ፀሐይ ላይ አሰጡት። ጥቁሩ ጽሑፍ እንዳለ ቀረ፤ ስሟ የነበረበት ቦታ ሁሉ ግን ባዶ ብራና ሆነ።

ካህናቱና ምእመናኑ ተሰበሰቡ። ብርሃን ቀለምን እንዴት እንደሚያፈርስ ላስረዳ አፌን ስከፍት አባቴ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«እሱ ነው የረገመው» አሉ። «በዚህ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።»