ለአንተ ብቻ የምነግርህ

የልብስ ሰፊዋ ሁለት ወንዶች ልጆች ሆድና ጀርባ ከሆኑ ስድስት ዓመት ሞላቸው። ታላቁ ለአባቱ ቀብር ሳይደርስ ቀረ፤ ታናሹም ይቅር አልልም አለ። ሁለቱም የሚኖሩት ሩቅ ነው፣ ያውም በየፊናቸው። እናትየው ስድስት ዓመት ሙሉ ለየብቻ ሁለት ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ የአንዱ ስም ሌላው ዘንድ እንዳይገባም ይጠነቀቃሉ። የሙሽራ ልብስ ሲቆርጡ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቁም።

ዓይናቸው ሲደክም ብዕሩ እምቢ አላቸው። በኮምፒውተር ፊደሉን ማተለቅ ይቻላል ሲባል ሰምተው፣ ሰፈራቸው ካለው ቤተ መጻሕፍት ኢሜይል ሊማሩ ሄዱ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ፊደሉን የካፖርት ቁልፍ አሳክላ አስቀመጠቻቸው። አድራሻ ውስጥ አንዲት ነጥብ ከጎደለች ደብዳቤው እንደማይደርስ ነገረቻቸው። ይሄ አልከበዳቸውም፤ አንድ ስፌት ሲዘለል ምን እንደሚሆን ያውቃሉ።

ለሙከራ ለሠራተኛዋ ሁለት ቃል ጽፈው «ላክ» የሚለውን ተጫኑ። እጃቸውን ሳያነሱ ደብዳቤው ማዶ ካለው ጠረጴዛዋ ላይ ደረሰ። ልብስ ሰፊዋ እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፖስታ ሲጠብቁ የኖሩ ሴት ናቸው፤ በማን እጅ ሄደ ብለው ቢጠይቁ፣ በማንም እጅ አይደለም አለቻቸው።

በሦስተኛው ቀን አንድ ደብዳቤ በአንድ ጊዜ ለብዙ ሰው እንደሚላክ ተማሩ። «ለ» በሚለው መስመር ላይ አድራሻዎቹን መደርደር ብቻ ነው። የሰው ነገር፤ ተአምር ባየ ማግስት ተንኮል ያስባል። እሳቸውም እንዲህ ብለው ጻፉ፦

«ልጄ፣ ይህን ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ። ወንድምህ በናፍቆትህ አልቋል። ቀድሞ መናገር ግን አፈረ። እናቴ ነገረችኝ እንዳትል።»

ከልጆቹ አንዳቸውም እንዲህ ብሎ አያውቅም፤ እናትየው ከሆዳቸው አውጥተው ነው። ለእያንዳንዱ የየራሱ ፖስታ የሚደርሰው መስሏቸው ሁለቱንም አድራሻ ጽፈው ላኩ።

በማግስቱ ታላቁ መለሰ። «እማዬ፣ ደብዳቤሽ ላይ የወንድሜም አድራሻ አለ። ለሁለታችንም ያንኑ ነው የጻፍሽው።»

ልብስ ሰፊዋ ክው አሉ። ሠራተኛዋ እዚያ መስመር ላይ የተጻፈን አድራሻ ሁሉም ተቀባይ እንደሚያየው አስረዳቻቸው። ጭራሽ ልጁ «ለሁሉም መልስ» የሚለውን ስለተጫነ፣ መልሱም ለታናሹ ደርሷል። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ከእንግዲህ ማንኛቸው ያምነኛል አሉ በልባቸው።

ኮምፒውተሩን ሊያዘጉ ሲሉ ከታላቁ መልስ ሥር ሌላ ብቅ አለ፤ የታናሹ ነው።

«እማዬ ውሸቷን ነው፣ እንዲህ ብዬ አላውቅም። ግን ናፍቀኸኛል።»

ልብስ ሰፊዋ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ገና እንባቸውን ሳይጠርጉ ታላቁ ጻፈ፦ «የቀብሩን ነገር ልንገርህ?»

«ንገረኝ።»

ስድስት ዓመት ያልተነገረው ነገር ዓይናቸው እያየ መስመር በመስመር ይወርድ ጀመር። ሠራተኛዋ መልስ መጻፍ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ግን እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ፤ ወንበራቸውንም ድምፅ እንዳያሰማ ወደ ኋላ ሳቡ።

«ተያቸው፣ ልጄ» አሉ በሹክሹክታ። «እያወሩ ነው።»