ያልተቦረሸ ፍሬ

በስተቀኝ ያለው አምፖል ጧ ብሎ ሲቃጠል ጣቷ የካሜራውን ቁልፍ ተጭኖ ነበር። ፎቶው ተነስቷል፤ የተነሳው ግን በግራው አምፖል ብቻ ነው።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ዛሬ ደግሞ አንተ ቀርተህ ነው?» አለችው የተቃጠለውን።

መሥሪያ ቤቱ ዘር አበጥሮ፣ በከረጢት አሽጎ ለገበሬ የሚሸጥ ድርጅት ነው። እሷ ደግሞ ከየመጋዘኑ የሚመጣላትን ናሙና በቅርበት ፎቶ ታነሳለች፤ አንዲት ፍሬ እንጀራ ብቻ ሳይሆን ጠረጴዛ አክላ እስክትታይ ድረስ። ባልደረቦቿ «አጉሊ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ይሁን ከአፏ ማንም እርግጠኛ አይደለም። ትንሿን ነገር አጋንና ታወራለች የሚሏት አሉ፤ አልዋሹም።

ፎቶዋ ሁለት ቦታ ይውላል። አንደኛው ከረጢቱ ላይ ይታተማል። ሌላው ከጥራት ቅጹ ጋር ተያይዞ ለተቆጣጣሪው ይሄዳል፤ ተቆጣጣሪው አይቶ ካልፈረመ አንድም ከረጢት ከመጋዘን አይወጣም።

ከጠረጴዛዋ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በላስቲክ የተለበጡ ሕጎች አሉ። ካሜራው በሦስት እግሩ ይቁም፤ እጅ ይንቀጠቀጣል። ብርሃን ከግራም ከቀኝም እኩል ይምጣ፤ ጥላ ክልክል ነው። ናሙናው ሳይቦረሽ አይነሳ። ከፍሬው በቀር በፎቶው ውስጥ ምንም ነገር አይግባ። ሕጎቹን የጻፉት ሥራውን ያስተማሯት አለቃዋ ናቸው፤ «ጋሼ» ትላቸዋለች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዱንም ጥሳ አታውቅም። የአሁኑም ቢሆን ብርሃን ለመለካት ያህል፣ ፍሬው ሳይቦረሽ የተነሳ የሙከራ ፎቶ ነበር።

አዲስ አምፖል ልታመጣ ተነሳች። ዓይኗ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ቀረ።

ነጩ ቦሎቄ እንደ ወትሮው ልሙጥ አልነበረም። ጎኑ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ጉብ ጉብ ብለው ተለጥፈዋል፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጥላ ጥለዋል። ከእነሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ ከውስጥ ተፍቆ የሳሳ ክብ መስኮት ይታያል። የገበሬ ልጅ ናትና ማንም እንዲነግራት አልጠበቀችም። ነጠብጣቡ የነቀዝ እንቁላል ነው። መስኮቱም ፍሬው ውስጥ ያደገው ነቀዝ ለመውጫው ያዘጋጀው ነው። ነጭ በነጭ ላይ ነውና፣ ብርሃን ከሁለቱም በኩል እኩል ሲያርፍበት ይህ ሁሉ አይታይም። የቀረውን ደግሞ ብሩሹ ያረግፈዋል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንቱን በገዛ እጇ አርግፋው ይሆን!

ናሙናውን ትሪ ላይ ገልብጣ በእጅ መነጽር መረመረች። ከሃያው ፍሬ ስምንቱ እንዲሁ ነው።

«ጋሼ! እስኪ ይህን ይዩልኝ!»

ሽማግሌው ከጎረቤት ክፍል መጥተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አስተካክለው፣ ፎቶውን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

«አምፖሉን ቀይሪ» አሉ።

«እንቁላሉስ?»

«የምን እንቁላል? አቧራ ነው። ቦርሺው።»

«አቧራ መስኮት አይከፍትም፣ ጋሼ።»

«አንቺ ደግሞ ነገር ማጋነን ልማድሽ ነው! ይሄ አንድ ፍሬ ነው። በአንድ ፍሬ ሙሉ መጋዘን አይወገዝም።»

«በአንድ ፍሬ ሙሉ መጋዘን ስናመሰግን ግን ኖረናል። ደግሞ አንድ አይደለም፤ ከሃያው ስምንቱ ነው።»

አለቃዋ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ምንም ያልቆሸሸውን፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ስሚኝ ልጄ። መኪኖቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጫናሉ። እኔ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ወር ቀርቶኛል። ሦስት ንጹሕ ፍሬ መርጠሽ፣ ቦርሸሽ፣ በሁለት አምፖል አንሺ። ሕጉ ይኸው ነው። የበሉበትን ወጪት ሰባሪ አትሁኚ።»

አልሸሹም ዞር አሉ እንዲሉ፣ በሩን ክፍት ትተው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ተናደደች። ይበልጥ ያናደዳት የምትወዳቸው ሰው መሆናቸው ነው፤ ካሜራ አያያዝ ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው፣ ሌላው ሁሉ ሲስቅባት «ይቺ ልጅ ዓይን አላት» ያሉላትም እሳቸው ናቸው። ወንበር ላይ ወጥታ አምፖሉን ቀየረች። ሦስት ንጹሕ ፍሬ መረጠች። ብሩሹን አነሳች።

ስልኳ ጮኸ። እናቷ ነበረች።

«እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ አላቆይሽም። ጎረቤቶቼ ልጅሽን ጠይቂልን ብለው አስጨንቀውኝ ነው። የዘንድሮው ቦሎቄ እንዴት ነው?»

አምና እናቷ ባዶውን ከረጢት ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣ «ይህን ፎቶ ያነሳችው ልጄ ናት» እያለች መንደሩን ሁሉ ያንኑ ዘር አስገዝታ ነበር። ከተዘራው እኩሌታው አልበቀለም። መንደሩ ድርጅቱን የት ያገኘዋል? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆነና እናቷን አኮረፈ። አጥር የምትጋራት ሴት እንኳ ክረምቱን ሙሉ ሰላምታ ነስታት ከርማለች።

«አየሽው ወይ?»

«እያየሁት ነው፣ እማዬ።»

«የአምናው እኮ ፎቶው አምሮ ነበር። ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ትተን ፎቶውን ብንዘራው ይሻለን ነበር!» እናቷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው አለቀ። «እና ምን ልበላቸው? እኔ ከረጢቱን አላምንም። አንቺን ነው የማምነው።»

«ሳልደውልልሽ ማንም እንዳይገዛ። ዛሬውኑ እደውላለሁ።»

ስልኩን ዘግታ ብሩሹን መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው። አሁን የቀየረችውን አምፖል በእጅጌዋ ይዛ መልሳ ፈታችው። ሦስቱን ንጹሐን ወደ ትሪው መለሰችና ከስምንቱ የባሰውን መርጣ ሌንሱ ፊት አስቀመጠች። እልህ ይዟታል፤ ጆሮዋ ድረስ ግላለች።

የአምፖሉ ሙቀት ይሁን ቀኑ ደርሶ፣ ትኩረቱን እያስተካከለች ሳለ መስኮቱ ንቅንቅ አለ። ክዳኑ በአንድ ጎኑ ተነሳ። ከሥሩ ሁለት ቀጫጭን አንቴናዎች ብቅ አሉ፤ ቀጥሎ ጭንቅላቱ፤ ቀጥሎ ነቀዙ ራሱ ቤቱን ለቅቆ እንደሚወጣ ተከራይ ጓዙን እየጎተተ ወጣ። ወጥቶም አልቆመም። በሦስት እግር የቆመ ካሜራ የሚሄድ ነገር አይከተልም። ካሜራውን ከማቆሚያው ነቅላ፣ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ፣ ፍሬውን በግራ አውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ያዘችው። ትንፋሿን ዋጠች። ተጫነች። እንደገና ተጫነች።

«ያዝኩህ!» ብላ ጮኸች።

ፎቶው ላይ ሁሉም አለ፦ እንቁላሉ፣ ቀዳዳው፣ ጀርባው ላይ አቧራ የተሸከመው ነቀዝ፣ በአንድ ጎን የተዘረጋው ጥላ፣ ጥፍሯም ጭምር። ጥፍሯ ደብዝዟል። ነቀዙ ግን እግሩ ላይ ያለው ፀጉር ይቆጠራል።

ጩኸቷን ሰምተው አለቃዋ ተመለሱ። ለመቆጣት አፋቸውን ከፍተው ኮምፒውተሩን ሲያዩ ረሱት።

«በእጅሽ ይዘሽ ነው ያነሳሽው?»

«በእጄ።»

«ትንፋሽሽን ይዘሽ?»

«እርስዎ እንዳስተማሩኝ።»

ወደ ፎቶው ጠጋ አሉ። «ጥላው ባይኖር አይታይም ነበር» አሉ፣ ለራሳቸው ያህል። ወዲያው ግን አለቃነታቸው ትዝ አላቸው። «ይሄ ከረጢት ላይ አይታተምም።»

«አይታተም። ለተቆጣጣሪው ግን ይሄዳል።»

«መኪኖቹ ይቆማሉ!»

«ይቁሙ!»

«ቢያባርሩሽስ?»

«ያባርሩኝ። በፎቶዬ እናቴን ያሳፈርኳት ይበቃኛል።»

ቅጹን ስባ መሙላት ጀመረች። የመጋዘን ቁጥር ጻፈች። ብርሃን በሚለው ላይ «አንድ፣ ከግራ» አለች። ማቆሚያ በሚለው ላይ «የለም»። ከዚያ ለዘጠኝ ዓመት ሳታነበው ምልክት ስታደርግበት የኖረችው መስመር ላይ ደረሰች፦ «ናሙናው ተቦርሿል»። ፊት ለፊቱ አንዲት ሳጥን ብቻ አለች። ሌላ ሳጥን የለም።

«አየሽ?» አሉ አለቃዋ፣ እፎይታ በሚመስል ድምፅ። «ያልተቦረሸ ናሙና ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ሳጥኗን ባዶ ከተውሽ ደግሞ ያልተሟላ ቅጽ ነው ብለው ይመልሱታል።»

እሷ እስክሪብቶዋን እንደያዘች እጇን ዘረጋችላቸው።

«ማስመሪያውን ያቀብሉኝ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው እሷን አዩ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የገዛ ጽሑፋቸውን አዩ፤ ነቀዙን አዩ። ማስመሪያውን ከጠረጴዛው ጫፍ አንስተው እጇ ላይ አኖሩት።

ከቀድሞዋ ሳጥን አጠገብ ልክ እሷን የምታህል ሌላ ሳጥን አሰመረች። ከፊቷ «አልተቦረሸም» ብላ ጻፈች። ውስጧ ምልክቱን አደረገችና ከሥር ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጻፈችበት።