የዚያድ መስታወት

ሰልዋ ጭሮ ውስጥ ፎቶ ቤት ተቀጥራ የጉርድ ፎቶ ታነሳለች። ትርፍ ሰዓቷን የምታጠፋው ግን የፈነዳና የተበተነ ነገር በማንሳት ነው፦ ከድስት የሚዘል ፈንዲሻ፣ ከአይሱዙ ወድቆ አስፋልት ላይ የፈረጠ ቲማቲም፣ ቦርደዴ መንገድ ዳር የተተረተረ ጎማ፣ ማሰሪያው ተበጥሶ ዙሪያውን የተበተነ የጫት ዙርባ።

ለከተማው ወጣቶች የፎቶ ዐውደ ርእይ ሲዘጋጅ ሥራዎቿን አብሬያት የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ አስተማሪዋ ነበርኩ። አዘጋጁ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ዋሲሁን፣ አንዱን ፎቶ ከሁሉም አስበልጦ በመግቢያው ፊት ለፊት አሰቀለው። የተሰነጠቀ የባጃጅ መስታወት ነው፤ ከመሃሉ ተነስቶ እስከ ጠርዙ ነጭ ጨረር ይፈነጥቃል። ሰልዋ «የዚያድ መስታወት» ብላ ጽፋበት ነበር። ዋሲሁን ወረቀቷን ገንጥሎ «የንጋት ፀሐይ» የሚል ለጠፈ።

«ምን አደረግህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሰው የሚመጣው ሊደሰት ነው።»

ዚያድ ማን እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። የጫት ፒካፕ ገጭቶት ግራ ዓይኑን ያጣ የባጃጅ ሾፌር ነው። እዚህ የጫት መኪና ከአምቡላንስ በላይ ይከበራል። ቅጠሉ ሳይጠወልግ እንዲደርስ ይበራል፤ ዳር ያልያዘ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው። ዚያድ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አባቱና የመኪናው ባለቤት በሽማግሌ ታረቁ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ነገሩ ዳግም እንዳይነሳ ተባለ። የታረቁበትን መቀስቀስ ነውር ነው ይሉኛል። ዓይኑን ያጣው ሰው ሳይጠየቅ መታረቅስ ምን ይባላል?

በመክፈቻው ዕለት የመኪናው ባለቤት ኦቦ አብዱናስር መጣ። ፎቶው ፊት ቆሞ ፈገግ አለ።

«ማሻአላህ! ይሄንንማ ሱቄ ውስጥ ነው የምሰቅለው። ፀሐይዋን እንዴት አድርገሽ ያዝሻት፣ አንቺ ልጅ?»

«ፀሐይ አይደለም፣ ኦቦ» አለች ሰልዋ። «የዚያድ ባጃጅ መስታወት ነው። የሰበረው የእርስዎ መኪና ነው።»

አብዱናስር እርቁን የመሩትን ሽማግሌ ፈልጎ ዞረ።

«ሼህ ዓሊዩ፣ ይስሙልኝ! እርቅ እያፈረሰች ነው!»

ሼሁ በከዘራቸው እየተደገፉ ቀረቡ። «ልጄ፣ አውርጂው። ዱዓ የተደረገበት ነገር ነው።»

ዋሲሁን ማንም ሳያዘው ፎቶውን ሊያወርድ ወንበር ላይ ወጥቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ትጋት ለመብራትና ለውሃ አሳይቶን አያውቅም።

«ቀስ በል፣ ዋሲሁን!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። «ወድቀህ ብትፈርጥ ሰልዋ አንስታ ትሰቅልሃለች።»

ሰዉ ሳቀ። ዚያድ ነው። ሰዉን በትከሻው እየገፋ ሼሁ ፊት ቆመ።

«አባባ ሼህ፣ እኔ ታርቄያለሁ?»

«አባትህ ታርቋል።»

«የአባቴ ዓይኖች ሁለት ናቸው።»

ሼሁ የልጁን ፊት አዩ፤ ፎቶውንም ቀና ብለው አዩ።

«ምን ትፈልጋለህ፣ ልጄ?»

«መኪኖቻቸው ከተማ ውስጥ ቀስ ብለው ይሂዱ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ሂንታኡ! አይሆንም!» ብሎ ጮኸ አብዱናስር። «ጫቱ ይጠወልጋል!»

ይህንን ያለው መኪናው ዓይኑን ያጠፋበት ሰው ፊት ቆሞ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የደነገጠ ቢኖር ሼሁ ብቻ ናቸው። ሌላው አንገቱን ነቀነቀ፤ ይጠወልጋላ፣ እውነቱን ነው፣ በሚል አነቃነቅ!

«ውረድ፣ ዋሲሁን» አሉ ሼህ ዓሊዩ። «ይሄ እርቅ አላለቀም። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ልጁ እስኪድን መጠበቅ ነበረብኝ። አብዱናስር፣ ነገ ቀትር ከዙሁር ሰላት በኋላ እሱ ፊት ትቀመጣለህ።»

አብዱናስር ሳይሰናበት ወጣ። ዋሲሁን ከወንበሩ ወረደ። ሰልዋ በእሱ ቦታ ወጥታ የለጠፈውን ወረቀት ገነጠለች፤ እስክሪብቶ አቀበልኳት፤ በወረቀቱ ጀርባ የዚያድን ስም ከበሩ እንዲነበብ አድርጋ በትልቁ ጻፈች።