የሊፖቭካ ሰዎች ሮም የመጡ ቀን

ባሌ ጌጡ ስለ ሊፖቭካ ማውራት ከጀመረ ማን ያስቆመዋል! ሊፖቭካ ስሎቫኪያ ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት። በደርግ ጊዜ በስኮላርሺፕ ሄዶ ኒትራ በሚባል ከተማ አራት ዓመት ግብርና ሲማር፣ በየዓመቱ የፈረንጆቹን ገና እዚያች መንደር፣ የዶርም ጓደኛው ስቴፋን ቤት ያሳልፍ እንደነበር ነግሮኝ ነው ያገባሁት። ተወልጄ ካደግሁበት ጉለሌ ይልቅ ሊፖቭካን አውቃታለሁ ብል አላጋነንኩም። የመንደሩ ግማሽ አንድ ዓይነት የአባት ስም ስላለው ሰው ሁሉ በቅጽል ስም እንደሚጠራ አውቃለሁ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች የቤተ ክርስቲያኑን ደወል አቅልጠው መድፍ እንዳያደርጉት ቄሱ ፍግ ውስጥ እንደቀበሩት፣ በሁለተኛው ደግሞ ጀርመኖች አሥራ አንድ ቤት እንዳቃጠሉ አውቃለሁ። ኮሙኒስቶቹ ሁለት ፈረሶቹን ለኅብረት እርሻ የወሰዱበት ኦንድሬይ የሚባል ገበሬ፣ እስኪሞት ድረስ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋጣ ድረስ እየሄደ ያጫውታቸው እንደነበር ሳይቀር አውቃለሁ። ጌጡ ይህን ሲያወራ "እኛ ሊፖቭካ" ነው የሚለው። "እናንተ እነማን ናችሁ ደግሞ?" እያልኩ እስቅበት ነበር።

ልጃችን ማርቲ ግን አትስቅም። አባቷ ያለው ሁሉ ለእሷ ወንጌል ነው። እዚህ ሮም ሜዲያ በሚሉት መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዓመት ሳለች፣ መምህርቷ ቤተሰባችሁ የኖረበትን አንድ ቦታ ታሪክ ጽፋችሁ ክፍል ፊት አንብቡ ስትላቸው፣ አዲስ አበባን ትታ ሊፖቭካን መረጠች። ስምንት ገጽ ሙሉ ጻፈች፤ "የአባቴ ሁለተኛ መንደር" ብላ ሰየመችው። እኔ ሳላውቅ ደግሞ አንዱን ቅጂ ለመንደሩ ማዘጋጃ ቤት በፖስታ ላከች።

መልሱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ከሥራ ስመለስ ከፖስታ ሳጥኑ አውጥቼ ደረጃው ላይ እንደቆምኩ ቀደድኩት። የጻፈችው ሴት እዚሁ ኢጣሊያ አሮጊት በመንከባከብ ሥራ ኖራ አገሯ የተመለሰች ናት፤ ጣሊያንኛዋ ከእኔ ይሻላል።

"ውድ ማርታ" ይላል፣ "የጻፍሽው ሁሉ እውነት ነው፤ የደወሉም፣ የኦንድሬይ ፈረሶችም ነገር። አንዳንዱን እኛው ራሳችን ረስተነው ነበር። አንድ ነገር ብቻ አልገባንም። ከአፍሪካ የመጣ ሰው መንደራችንን ረግጦ አያውቅም። ረግጦ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ እናወራው ነበር። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ምእመኖቻችን ሮም የሚገኘውን የሳንታ ማርያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ብትመጡ አባትሽን ቢያዩ ደስ ይላቸዋል።"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አሥራ አራት ዓመት አንድ አልጋ ላይ የተኛሁት ሰው! ይህን ከዋሸኝ ሌላው ምኑ እውነት ነው? ዲግሪውስ? የሆነች ቦታ ሌላ ሚስት ቢኖረውስ? ማርቲ ደግሞ ሰኞ ክፍል ፊት ቆማ ልታነበው ነው።

ጌጡ ኤስኲሊኖ ሰፈር የአንድ ሕንፃ ፖርቲየሬ፣ በር ጠባቂ ነው። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሄድኩና ደብዳቤውን የተከራዮቹን ፖስታ በሚለይበት ጠረጴዛ ላይ ወረወርኩለት። ሲያነብ ፊቱ አመድ መሰለ።

"አሎራ? እህስ?" አልኩት። "ምን ትላለህ?"

"አልሄድኩም" አለ።

"አንድም ቀን?"

"አንድም ቀን።"

እኔ እኮ ሰበብ ይፈልጋል፣ ይቆጣል ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

"ስቴፋን ማታ ማታ ስለ መንደሩ ያወራልኛል" አለ ዓይኑን ከፖስታው ሳያነሳ። "ኅዳር ሲያልቅ 'ዘንድሮ አብረን እንሄዳለን' ይለኛል። ሻንጣዬን አዘጋጃለሁ። የመሄጃው ቀን ሲደርስ አንድ ዓመት እናቴ ታመመች አለ፣ አንድ ዓመት በረዶ መንገድ ዘጋ አለ። ሦስተኛው ላይ ገባኝ። እናቱ ጥቁር ሰው ቤቷ እንዲገባ አልፈለገችም ብዬ ተውኩት። ዶርሙ ውስጥ የምንቀረው የውጭ አገር ልጆች ብቻ ነበርን፤ ማሞቂያውን እንኳን ይቀንሱብናል። አንቺን ሳገኝሽ አራት ዓመት ግድግዳ ሳይ ነበር ልበልሽ?"

"አዎ! እሱን ነበር ማለት!" ብዬ ጮህኩበት፤ አንዲት ተከራይ በበሩ አንገቷን አስግጋ አየችን። "ለእኔ ሳይሆን ለልጅህ ነው የማዝነው። ቅዳሜ ትሄዳለህ፤ ራስህ ትነግራታለህ። ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ።"

ቅዳሜ ሦስታችንም ከሰፈራችን ከፖንቴ ማሞሎ ሜትሮ ባቡር ያዝን። ማርቲ የነገርኳት የሊፖቭካ ሰዎች መምጣታቸውን ብቻ ስለነበር መቀመጥ አቅቷት ነበር። ጌጡ እስካሁን አልነገራትም፤ የጣቢያዎቹን ስም ነው የሚያነብላት። ቴርሚኒ ጣቢያ ወረድን። ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ያለው አደባባይ ላይ ስንደርስ አርባ የሚሆኑ ሰዎች መሐሉ ላይ በቆመው ረጅም ምሰሶ ሥር ተሰብስበው፣ አንገታቸው ላይ አንድ ዓይነት ቢጫ ሻርፕ አስረው ቆመዋል። አሁን ይነግራታል ብዬ ክርኔን ጎኑ ላይ አሳረፍኩበት።

በዚህ መሐል አንዲት አሮጊት ከሰዉ መሐል ወጥተው ወደ እኛ መጡ። አጭር ናቸው፤ ራሳቸው ላይ ሻሽ አስረዋል። ጌጡን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና "ጌጡ?" አሉ።

ስሙን! የሚያውቀው የለም የተባለው መንደር ስሙን ጠራ። እኔ ደነገጥኩ፤ እሱ ግን ከእኔ ባሰ። በስሎቫክኛ አንድ ነገር ጠየቃቸው፤ መለሱለት።

"የስቴፋን እናት ናቸው" አለን። "ማርያ ይባላሉ።"

ማርያ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ማውራት ጀመሩ። ለእኔና ለማርቲ የሚያስተረጉምልን ጌጡ ራሱ ነው፤ ሌላ ማን አለ?

"'ምን አስቀይሜህ ነው?' ይሉኛል" አለ። "'አራት ዓመት ሙሉ ጠርቼህ አራት ዓመት ሙሉ እምቢ ያልከኝ ምን በድዬህ ነው?'"

ከዚያ ማስተርጎሙን አቆመ። እሳቸው ግን ማውራታቸውን አልተዉም።

"ፓፓ፣ ምን አሉህ?" አለች ማርቲ። "ፓፓ!"

"ቆይ" አላት። "መጀመሪያ አንድ ነገር ስሚኝ። እኔ ሊፖቭካ ሄጄ አላውቅም። አንቺንም እናትሽንም ዋሽቻችኋለሁ።"

ልጄ አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ቀድሜ ማወቄ ገባት። ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

"እሳቸው የሚሉት" ብሎ ቀጠለ፣ "እነሱ አገር በገና ዋዜማ ማታ፣ መንገደኛ ቢመጣ ተብሎ አንድ ትርፍ ሳህን ገበታ ላይ ይቀመጣል። 'እኔ ግን ያን አራት ዓመት ለመንገደኛ አላስቀመጥኩም፣ ላንተ ነው ያስቀመጥኩት፤ በስምህ' ይላሉ። ልጃቸው ሁልጊዜ 'ምግባችንን አይበላም፤ ሥጋችንን ይጸየፋል' ይላቸው ነበር። 'ያን ማታ እኮ እኛም ሥጋ አንበላም፤ ጾም ነው። ጎመኑን ከደረቅ እንጉዳይ ጋር በዘይት ሠርቼ ነበር' ይላሉ።"

ከዚያ ለእሳቸው በቋንቋቸው አንድ ቃል መለሰላቸው፤ ለእኔ ደግሞ ስሜን ጠርቶ በአማርኛ ደገመልኝ።

"እኔም ጾም ላይ ነበርኩ፣ አስሉ። ዳቦና ሻይ ነበር የምቀምሰው።"

እውነት ለመናገር ተናድጄበት ነበር የመጣሁት፤ ያ ሁሉ ንዴት ግን መሄጃ ጠፋው። ወዲያው መሄጃ ተገኘለት። ከአሮጊቷ ኋላ ራሰ በራ ሰውዬ የእናቱን ቦርሳ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ስቴፋን ማለት እሱ ነው። ማርያ ዞር ብለው አንድ ጥያቄ ጠየቁት፤ ጮክ ብለው ነው፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ስቴፋን ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰ።

ጌጡ አስተረጎመ። መቀየር ይችል ነበር፤ ከእኛ ማን ያውቅበታል? አልቀየረውም።

"'አፍሬ ነው' ይላል። 'አብሮኝ ከአውቶቡስ ሲወርድ ሰው ያየኛል ብዬ። በእሱ አፍሬ ነው።'"

ማርቲ ሄዳ የአባቷን እጅ ያዘች። ይቅር ብላው አይመስለኝም፤ መያዝ ስላለበት ነው።

ማርያ አላለቀሱም፤ ልጃቸውንም አልሰደቡም። ቦርሳቸውን ከእጁ ነጥቀው ለጌጡ ሰጡት። ከዚያ ክንዱን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ መራመድ ጀመሩ፤ ማርቲ በዚያኛው ጎን ተከተለች። ቢጫ ሻርፕ ያሰሩት ሁሉ መንገድ ለቀቁላቸው። አንዳንዱ የጌጡን ትከሻ በእጁ ነካ እያደረገ ያሳልፈው ነበር።

ምሰሶው ሥር እኔና ስቴፋን ብቻችንን ቀረን። የምንግባባበት ቋንቋ የለንም። ባዶ እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት ኪሱ ከተተው፤ አወጣው፤ ከዚያ ፊቱን በሻርፑ ሸፍኖ አለቀሰ። እኔም አላባበልኩትም።